ቲቸር፣ ላፕቶፔን ላሻሽለው ወይስ ይቅርብኝ?

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። "ቲቸር፣ ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም አለኝ፤ ላሻሽለው ወይስ ልሽጠው?" ትለኛለች አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ። "ቲቸር፣ ኦቨርክሎክ ባደርገው አዲስ ከመግዛት አያድነኝም?" ይለኛል ወረታ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሌላው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ከጀርባው ግን የወራት ደመወዝ አለ። ተበድሮ የሚገዛ አለ። ከሩዝ ሽያጭ በተረፈችው ብር ለልጄ ላፕቶፕ ልግዛለት የሚል አባት አለ።

ለእያንዳንዳችሁ "አዎ" ወይም "አይ" ከማለት ታሪኩን ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ኮምፒውተር ከተሠራ ጀምሮ የነበረ ነው። ታሪኩም ደጋግሞ የሚነግረን አንድ ነገር አለ፦ በማሻሻል ያተረፈው ሰው ጠባቡን በር ያሰፋው ነው። ሰፊውን በር የበለጠ ያሰፋው ግን ገንዘቡን በትኖ ቀርቷል። ጠባቡ በር የቱ እንደሆነ ደግሞ ከዘመን ዘመን፣ ከአገር አገር ይለያያል። ካሊፎርኒያ ላይ የጠበበው ፎገራ ላይ ላይጠብ ይችላል።

(ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ የእኛው ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

1. ማሽኑ የኪራይ በነበረ ጊዜ

አይቢኤም 1401 የተባለውን ማሽን ያወጣው በ1959 ነው። የወር ኪራዩ ከ2,500 ዶላር ይጀምር ነበር። ማስታወሻው የሚይዘው፣ እንደየሞዴሉ፣ ከ1,400 እስከ 16,000 ፊደል ነው። ይህችን የምታነቧትን ጽሑፍ በርዝመቷ ብንለካት ትንሹ ማሽን ጅማሬዋን ይዞ ይሞላል፤ ትልቁ እንደምንም ይችላታል።

በ1960ዎቹ የአይቢኤም ማሽኖች አዲስ አበባ ሲገቡም የተጠቀሙባቸው ጥቂት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ ማሽን ባብዛኛው የሚያዘው በኪራይ ነው። ማስታወሻ ለማስጨመር ኩባንያውን ታነጋግራለህ፤ መሐንዲስ መጥቶ ይጨምርልሃል፤ ኪራዩም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ "ያዋጣል ወይ?" የሚለው ጥያቄ የሚፈታው ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነበር። የደመወዝ ዝርዝሩ በወር መጨረሻ ካልደረሰ ማሽኑ ከፍ ይላል። ከደረሰ ባለበት ይቆያል። እንዲሁ "ይፍጠንልኝ" ብሎ ኪራይ የሚያስጨምር ሰው አልነበረም።

ይህ ጥሩ ልማድ ነበር። ማሽኑ የግል ንብረት ሲሆን ጊዜ ነው የረሳነው።

2. ክሪስታል የቀየሩ ሰዎች

ኦቨርክሎክ ምንድነው? ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው፤ እንደ ልብ ምት አስቡት። ምቱን የሚሰጠው ከኳርትዝ የተሠራ ትንሽ ክሪስታል ነው። ምቱን አምራቹ ከወሰነው በላይ ማስኬድ ኦቨርክሎክ ይባላል።

በ1984 አይቢኤም ፒሲ ኤቲ የተባለውን ኮምፒውተር ሲያወጣ ፕሮሰሰሩ በ6 ሜጋኸርዝ ነበር የሚሠራው። ማሽኑን ከፍተው ያዩ ሰዎች ግን ክሪስታሉ በሶኬት የተሰካ እንጂ የተበየደ አለመሆኑን አስተዋሉ። በትንሽ ገንዘብ ሌላ ክሪስታል ገዝተው ሲሰኩ ማሽኑ በ8፣ አንዳንዴም በ9 ሜጋኸርዝ መሥራት ቻለ። አይቢኤም አልወደደውም። በኋላ በወጡት ማሽኖች ላይ ሲነሣ ምቱን የሚመረምር ፕሮግራም አስገባ፤ ከተወሰነው በላይ ከሆነ ማሽኑ አልነሣም ይላል።

አምራች ፍጥነትን ለምን ይገድባል? ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ቅን ነው፦ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ፕሮሰሰሮች እኩል ጥንካሬ የላቸውም፤ ስለዚህ በሙቀት ቦታም በደካማ መብራትም ሁሉም ሊችለው የሚችል ፍጥነት ይጻፍባቸዋል። ሁለተኛው ንግድ ነው፦ ርካሹ ማሽን ውዱን እንዳይነካበት። ኦቨርክሎክ የሚያደርግ ሰው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ባለችው ክፍተት ውስጥ ነው የሚጫወተው። ክፍተቷ ሰፊ በነበረችበት ጊዜ አትርፏል፤ ስትጠብ አክስሯል።

3. ለእኛ ግን ጠባቡ በር ፊደል ነበር

ፈረንጆቹ ሜጋኸርዝ ሲቆጥሩ እኛ ሌላ ችግር ነበረብን። የመጀመሪያዎቹ የፒሲ ስክሪን ካርዶች ፊደላቸው በቺፕ ላይ ተቀርጾ የመጣ ነው፤ ብዛቱም 256 ብቻ። ከእሱ ውስጥ የላቲኑ ፊደል፣ ቁጥሩና መስመሩ ቦታውን ይዟል። የእኛ ደግሞ 33 ሲባዛ በ7፣ ብቻውን 231 ነው። ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሩበት። ከዓመታት በኋላ በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲቀበል የያዘው 345 ምልክት ነው። በ256 ጉድጓድ ውስጥ እንዴት ይግባ?

ስለዚህ ለአማርኛ ጸሐፊ የግራፊክስ ካርድ መቀየር ቅንጦት አልነበረም። በፕሮሰሰሩ ላይ 2 ሜጋኸርዝ ብትጨምር ስክሪኑ "ሀ"ን አያሳይህም። ፊደልን ነጥብ በነጥብ መሣል የሚችል ካርድ ሲገባ ግን ማሽኑ አማርኛ ያውቃል።

በዚህ ብቻችንን አልነበርንም። ሄርኩለስ የተባለው ዝነኛ የግራፊክስ ካርድ በ1982 የተሠራው በአንድ የታይላንድ ተወላጅ ነው። ቫን ሱዋኑኩል ይባላል። የዶክትሬት ጽሑፉን በታይ ፊደል በፒሲ መጻፍ ፈልጎ ካርዱ አልፈቅድም ስላለው የራሱን ሠራ። ያ ካርድ ከዚያ በኋላ በመላው ዓለም ተሸጠ። ጠባቡን በር ለይቶ ማወቅ ማለት ይሄ ነው።

የእኛዎቹም በ1980ዎቹ ተነሡ። እነ ፍስሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ፣ እነ ዶ/ር አበራ ሞላ፣ ሌሎችም በየፊናቸው ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ደከሙ። (ማን ቀደመ የሚለውን ጭቅጭቅ እዚህ አታምጡብኝ፤ ሌላ ቀን እንጽፍበታለን።) ቀጥሎ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ መጡ፤ የየመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ተሸከሙ። ማይክሮሶፍት ራሱ ኒያላ የተባለውን ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በ2007 ነው።

ይህን ያነሣሁት ለትዝታ አይደለም። እስከ ዛሬ በየቢሮው በአሮጌ ማሽን ላይ የተቀመጠ፣ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል አለ። አዲስ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ስትከፍቱት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። የማሻሻያ ዋጋ ስታሰሉ ይሄም ዋጋ ነው፤ ሻጩ ግን አይነግራችሁም።

4. ኦቨርክሎክ ያዋጣበት ዘመን

ለፍትሕ ሲባል ኦቨርክሎክ የምር ያዋጣበትንም ጊዜ ልናገር። ዘመኑ 1998 ነው። ኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ዋጋው 150 ዶላር ገደማ፣ ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርዝ። በዚያው ሰሞን የወጣው ውዱ ፔንቲየም 2 ደግሞ 450 ሜጋኸርዝ ሲሆን ዋጋው ከ650 ዶላር በላይ ነበር። ሰዎች የማዘርቦርዱን ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲያወጡት ርካሹ ሴለሮን በቀጥታ 450 ላይ ደረሰ። ብዙዎቹም ያለ ችግር ሠሩ። በ150 ዶላር የ650 ዶላር ሥራ! የድሃ ልጅ ደስታ ነበር። በዓለም ዙሪያ የኦቨርክሎክ ፍቅር የተቀጣጠለው ያኔ ነው፤ "ቲቸር ባፈጥነውስ?" የምትሉኝም ሳታውቁት የዚያን ዘመን ዝና ወርሳችሁ ነው።

እስቲ በዚያው ዘመን ወደ እኛ እንመለስ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በጥር 1997 ነው፤ በስልክ መስመር። በ33.6 ኪሎቢት ሞደም አንድ ሜጋባይት ለማውረድ መስመሩ ሳይቆራረጥ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ፕሮሰሰርህ 300ም ይሁን 450 አራት ደቂቃው አራት ደቂቃ ነው። ያኔ ኢንተርኔት የያዘ ሰው ገንዘቡን ፈጣን ፕሮሰሰር ላይ ቢያወጣ ቶሎ ወደሚጠብቅበት ቦታ ደረሰ ማለት ነው፤ በቃ።

ይህን ነገር የአይቢኤሙ መሐንዲስ ጂን አምዳል በ1967 በሒሳብ አስቀምጦታል። በቀላሉ እንዲህ ነው። እንበል አንድ ፋይል ለመክፈት 10 ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ የዲስክ፣ 2ቱ የፕሮሰሰር ነው። ፕሮሰሰሩን 25 በመቶ ብታፈጥነው 2ቱ ሰከንድ 1.6 ይሆናል፤ ጠቅላላው 9.6። ማንም ልዩነቱን አያይም። ዲስኩን ቀይረህ 8ቱን ወደ 1 ብታወርደው ግን ጠቅላላው 3 ሰከንድ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ ሕጉ ግን አይሻርም።

5. 2004፦ ነፃው ምሳ ሲያልቅ

እስከ 2004 ድረስ ፕሮሰሰር በየጊዜው እየፈጠነ ስለሄደ ሁሉም ነገር አብሮ ይፈጥናል ብለን ለመድን። በዚያው ዓመት ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 አወጣለሁ ያለውን ሰረዘ። ምክንያቱ ሙቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከምቱ ጋር ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ምቱን ለመጨመር ቮልቴጁንም መጨመር ግድ ይላል። ሁለቱንም 10 በመቶ ብትጨምር 1.1 ሲባዛ በ1.1 ሲባዛ በ1.1 ነው፤ 1.33 ይሆናል። ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ትከፍላለህ። ከዚያ ወዲህ አምራቾቹ ምቱን ትተው ኮር ማብዛት ጀመሩ። ያቺ የድሃ ልጅ ክፍተትም ጠበበች። ከ2011 ወዲህ ኢንቴል ለኦቨርክሎክ የሚፈቅደው በተለይ ለይቶ ለሚሸጣቸው ውድ ሞዴሎች ነው ማለት ይቻላል። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ደግሞ "ቱርቦ" በሚባለው መንገድ፣ ሙቀታቸው እስከፈቀደ ድረስ ራሳቸውን ያፈጥናሉ። እጃችሁ ላይ ያለው ተራ ኮር አይ 5 ላፕቶፕ ተቆልፏል። ስለዚህ "ኦቨርክሎክ ላድርገው?" ላላችሁኝ አብዛኞቻችሁ መልሱ አጭር ነው፦ አይፈቅድላችሁም። ቢፈቅድ እንኳ ይሞቅና ራሱ ይቀንሳል።

በዚያው ሰሞን እኛ አገር ሌላ ዓይነት ማፍጠን ተሞክሮ ነበር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ መሰጠት ጀመረ። ብዙዎቻችሁ የፕላዝማ ልጆች ናችሁ፤ ታስታውሱታላችሁ። ስክሪኑ ትልቅ፣ ምስሉ ጥርት ያለ፣ ለብዙ ገጠር ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ያመጣ ነገር ነበር። ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ትምህርቱ ከሳተላይት ስለሚወርድ መምህሩ ማቆም አይችልም፤ ወደ ኋላ መመለስም አይችልም። በጊዜው የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያነሡት ቅሬታ ፍጥነቱን ነው፦ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ስክሪኑ ተቀየረ። ጠባቡ በር የእንግሊዝኛ ችሎታችን ሆኖ ሳለ የሰፋው ስክሪኑ ነበር። ከምቱ በላይ የተነዳ ፕሮሰሰር ስሕተት እንደሚሠራ ሁሉ፣ ከምቱ በላይ የተነዳ ክፍልም ስሕተት ይቀዳል።

6. ወረታ ላይ ሲሆን

አሁን ወደ ሰፈራችን። ኦቨርክሎክ ስለማድረግ የተጻፈው ምክር አብዛኛው የቀዝቃዛ አገር፣ የማይቆራረጥ መብራት ያለው ሰው ምክር ነው። እኛ ጋ ሦስት ነገሮች ይለያያሉ።

አንደኛ አየሩ። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩ ከሳሳ የሚወስደው ሙቀትም ይቀንሳል። ለዚህ ነው የብዙ ሰርቨሮች መመሪያ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት ዝቅ የሚያደርገው። መጋቢትና ሚያዝያን ጨምሩበት። "በውኃ ማቀዝቀዝም ይቻላል" ብሎ የጻፈልኝ ልጅ አለ። ልጄ፣ እኛ ያለን ወንዛዬ ፍል ውኃ ነው፤ እሱ ለቁርጥማት እንጂ ለፕሮሰሰር አይሆንም!

ሁለተኛ አቧራው። በጋ የፎገራ ሜዳ አቧራ ነው። የሩዝ መፈልፈያ በቀረበበት ሰፈር ደግሞ የገለባው ብናኝ አለ። የሩዝ ገለባ ሲሊካ የበዛበት ነው፤ እንደ አሸዋ ይፈገፍጋል። ፋኑ ውስጥ ሲገባ ከአቧራው ጋር ተጋግሮ አየር ይዘጋል። "ላፕቶፔ አርጅቶ ዘገየ" ከሚሉኝ ውስጥ ብዙዎቹ ያላረጀ፣ የታፈነ ማሽን ነው ያላቸው። ፋኑን አጽድቶ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ የሙቀት ቅባት መቀየር ማሽኑን ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመልሰዋል። ይሄ ከሁሉም የረከሰው ማሻሻያ ነው፤ እንዲያውም ማሻሻያ አይባልም፣ ጥገና ነው።

ሦስተኛ መብራቱ። ይሄን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። መብራት ጥፍት ብሎ ሲመለስ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ይመጣና ፓወር ሳፕላዩን ይዞ ይሄዳል። በመጻፍ ላይ ያለ ዲስክም መሐል ላይ ሲቋረጥ ፋይሉን ያበላሻል። ጽሕፈት ቤት ለሚከፍተው ልጅ የመጀመሪያው ማሻሻያ ፕሮሰሰር አይደለም። ደህና ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ነው። የደንበኛ የምረቃ ጽሑፍ 80ኛው ገጽ ላይ ጠፍቶበት ያየ ሰው ይህን አይከራከርም።

ስለ ኢንተርኔትም ያው ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የትኛውም ፕሮሰሰር አልረዳንም። የረዳው ሀርድ ዲስክ ላይ ቀድሞ የተቀመጠ መጽሐፍና ቪዲዮ ነው። ያኔ ቦታ ያለው ዲስክ ከፈጣን ፕሮሰሰር በለጠ።

7. ሩዙ የነገረን

ኮምፒውተር ያልነካ የአገራችን ሰው እንኳ ይህን ጉዳይ ያውቀዋል፤ በሩዝ አውቆታል።

የፎገራ ሜዳ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል። ውኃ የሚተኛበት መሬት ላይ በክረምት የሚበቅል ሰብል ጥቂት ነው፤ ከብት ይሰማራበታል፣ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። በደርግ ዘመን ጂግናና ሻጋ ላይ በነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ሩዝ ተሞከረ። "ኤክስ ጂግና" የሚባለው ዝርያ ስሙን የያዘው ከዚያች ጂግና ነው። ማኅበራቱ ቢፈርሱም ሩዙ ቀረ፤ ገበሬው ራሱ አስፋፋው። ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ፎገራ ነው።

ምን ተደረገ? መሬቱ ያልለመደውን ሰብል በግድ ይሸከም ዘንድ ከማስጨነቅ፣ ውኃውን የሚወድ ሰብል ገባ። ችግሩ ራሱ ጥቅም ሆነ።

መፈልፈያውም ያስተምራል። በአንድ ዙር የሚፈለፍለውን ርካሽ ማሽን ፑሌውን ቀይሮ ከተሠራለት በላይ ማሽከርከር ይቻላል። ቶሎ ይወጣል፤ ግን ሩዙ ይሰባበራል። ሰባራ ሩዝ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል። ባለ መፈልፈያው በሰዓት ያተረፈውን ባለ ሩዙ በኪሎ ይከስረዋል። ኦቨርክሎክ ማለት ይሄው ነው፤ ወረታ ላይ በየቀኑ የሚታይ።

8. ሚሊዮን ዶላር ያላቸውስ ምን ያደርጋሉ?

"ይሄ የድሃ ምክር ነው" እንዳትሉኝ ሀብታሞቹንም እንይ። ቻይና በ2021 የቢትኮይን ማዕድን ማውጣትን ከከለከለች በኋላ ብዙ ኩባንያዎች ማሽናቸውን ይዘው ርካሽ መብራት ፍለጋ ሲወጡ አንዱ መድረሻቸው ኢትዮጵያ ሆነች፤ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም መብራት በውል ገዙ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው በሙሉ "ማሽኑን ላሻሽል ወይስ ባለበት ላቆየው?" የሚል ሒሳብ ነው።

በ2016 የወጣው አንትማይነር ኤስ 9 ለአንድ ቴራሃሽ 100 ጁል ገደማ ይበላል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው ኤስ 21 ለዚያው ሥራ 17.5 ጁል ይበቃዋል። መብራት ውድ በሆነበት አገር አሮጌው ቆሻሻ ነው። መብራት በረከሰበት ግን አሮጌ ትውልድ ማሽንም ዕድሜ ይጨምራል። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለወጠው የቆመበት ቦታ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ በዚህ ንግድ ውስጥ ብዙዎቹ ትርፍ ሲጠብባቸው ማሽናቸውን ከማፍጠን ይልቅ ምቱንና ቮልቴጁን ይቀንሳሉ፤ ትንሽ ፍጥነት ሰጥተው ብዙ መብራት ይቆጥባሉ።

9. ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ መለካት። ማሽኑ በዘገየባችሁ ሰዓት ታስክ ማናጀርን ክፈቱና የትኛው 100 በመቶ አጠገብ እንደተጣበቀ እዩ። ዲስኩ ከሆነና የቆየ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ካላችሁ መልሱ ኤስኤስዲ ነው። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ የተበታተነ መረጃ ሲፈልግ በሰከንድ መቶ ጊዜ እንኳ ለማንበብ ይቸገራል፤ ተራ ኤስኤስዲ በአሥር ሺዎች ይቆጥራል። ራሙ ከሆነና 4 ጊጋ ከሆነ ወደ 8 አድርሱት፤ ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ዲስክ ላይ ስለሚጥል ሁለቱ ችግሮች ተደጋጋፊ ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ራሙ የሚነቀል መሆኑን አስከፍታችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ተበይዷል። ፕሮሰሰሩ ከሆነ መጀመሪያ አጽዱት። ከጸዳም በኋላ 100 ላይ ከቀረና የቪዲዮ ኤዲቲንግ ዓይነት ሥራ ከሆነ የምትሠሩት፣ ያኔ ነው ማሽን የሚቀየረው።

ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ ባብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ይህን በራምም በኤስኤስዲም አታሟሉትም። ስለዚህ የ6ኛ ትውልድ ማሽን ላይ "ዊንዶውስ 11 እንዲቀበል" ብላችሁ ብር አታውጡ። ማሽኑ ግን አልሞተም። ኡቡንቱ ወይም ሚንት ይጫንበት፤ አማርኛ ይጽፋል፣ ደብዳቤ ይሠራል፣ ቪዲዮ ያሳያል። የድሮ የፓወር ግዕዝ ፋይል ያላችሁ ቀድማችሁ ወደ ዩኒኮድ ለውጡ፤ ያ እስኪያልቅ አሮጌውን ማሽን ከኢንተርኔት ነቅላችሁ አቆዩት።

ዋጋውንም አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ደረቅ ወደቡ ወረታ ድረስ ቢመጣልንም ዋጋውን የሚወስነው ዶላር ነው። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ቺፑን እየጠቀለሉ የራም ዋጋ በዓለም ላይ ንሯል። ስለዚህ ከሰው ያገለገለ ግን የተፈተነ ራም መግዛት ነውር የለበትም።

እኔ የምጠቀምበት መስፈሪያ ይሄ ነው፦ የማሻሻያው ዋጋ ተመሳሳይ አቅም ያለው ያገለገለ ማሽን ከሚሸጥበት ሲሶ ካለፈ ተዉት፤ ካላለፈና ጠባቡን በር ካሰፋ አድርጉት። ለአባትየውም መልሴ ይኸው ነው። ለልጁ ከአዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይልቅ ኤስኤስዲና 8 ጊጋ ራም ያለው፣ የጸዳ፣ ያገለገለ ማሽን ይግዛለት። በተረፈው ስታቢላይዘር ይጨምርበት። ከዚያም ከተረፈ ልጁ ኮርስ ይማርበት፤ ብዙ ጊዜ ጠባቡ በር እዚያ ነው ያለው።

የእናንተ ማሽን የቱ ጋ ነው የሚጠበው? ሞዴሉን፣ ራሙንና የዲስኩን ዓይነት ከታች ጻፉልኝ፤ ስንት እንደተጠየቃችሁም ጨምሩ። አብረን እናሰላዋለን። የፕላዝማ ልጆች ደግሞ ትዝታችሁን ጣል አድርጉ።

ቸር ሰንብቱ።